መስታወቱ መስኮቱ ላይ እስኪገጠም

«ወረቀቱን አይቼዋለሁ። አሁን ምድጃውን አሳዩኝ።»

«ምድጃው እኮ ተሽጧል፣ እናቴ።»

«ለማን?»

«ለእናንተው ባንክ። ባንኩም መልሶ ለዳቦ ጋጋሪው ሸጦታል። ይኸው፣ ሦስቱም ፊርማ እዚህ አለ።»

«መቼ ነው የተሸጠው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ የተሸጠ ምድጃ ሐሙስ ከእናንተ ጣሪያ ሥር ምን ይሠራል?»

የመጋዘኑ ኃላፊ ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያቀበለ፣ «እሱንማ ምድጃውን ይጠይቁት» አለ፤ በሩ ላይ የተቀመጡት ጫኝና አውራጆችም ሳቁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው አብረው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። በሩ ተከፈተ። ምድጃው በጎኑ ተጋድሞ ነበር።

ውድ የሐዘናችን ተካፋዮች፣ ከትናንት በስቲያ የቀበርናቸው እኅታችን በዚያ መጋዘን በር ላይ በቆሙበት ቀን የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ከወለድ ነፃ በሆነው ባንካችን የሸሪዓ ተቆጣጣሪ ሆነው ማገልገል ከጀመሩም አሥራ ዘጠነኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በዚያ ምድጃ ስለሆነ ከዚያ ጀመርኩ እንጂ፣ ሕይወታቸውስ የጀመረው ከመስታወት ነው። ይህን የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። የዜና ሕይወት ወጉ አንባቢው ስለ ራሱም እንደ ሌላ ሰው እንዲናገር ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ራሴን «ታናሽ ወንድማቸው» እያልኩ እጠራለሁ። ለጉሮሮዬም እንዲያ ይቀለዋል።

*

እኅታችን ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ፊቷ ሱቅ፣ ጓዳዋ መኖሪያ በሆነች ጠባብ ቤት፣ ከመስታወት ቆራጩ አባታቸውና የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ቁርኣን ያቀሩ ከነበሩት እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በዚያች ቤት ግድግዳው ሁሉ መስታወት የተደገፈበት ስለነበር መሮጥ ክልክል ነው፤ ልጅ ሁሉ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ መሐል መሐሉን ነበር የሚሄደው። እኅታችን ካደጉም በኋላ፣ አምስት ሰው ጎን ለጎን በሚያስኬደው የባንኩ ኮሪደር ላይ እንኳ፣ ክንዳቸውን ሰብስበው በመሐል ይሄዱ እንደነበር አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ያስታውሳሉ። ትዕቢት የመሰለው ሰው ነበር። መስታወት ነው።

አባታቸው የተቆረጠውን መስታወት በብብታቸው ይዘው እስከ ደንበኛው ቤት በእግር ይሄዱ ነበር፤ እኅታችንም የማጣበቂያውን ቆርቆሮ ተሸክመው ይከተሏቸዋል። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደንበኛዋ በር ለመድረስ አንድ ደረጃ ሲቀራቸው፣ መስታወቱ ከአባታችን እጅ አምልጦ ተሰበረ። ደንበኛዋ ደግ ሴት ነበሩና፣ «ግዴለም፣ ደጄ ደርሶ የለ እንዴ፤ ኪሳራውን እንካፈል» አሉ። አባታችን ስባሪውን በመዳፋቸው እየለቀሙ፣ «የለም እመቤቴ፤ መስታወቱ መስኮቱ ላይ እስኪገጠም የኔ ነው» ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱና ሌላ ቆረጡ። የዚያን ጊዜዋ የስምንት ዓመት ልጅ በመንገድ ላይ፣ «ከተገጠመ በኋላስ ቢሰበር?» ብለው ጠየቁ። «ያኔማ የእመቤትየዋና የልጆቻቸው ኳስ ጉዳይ ነው» አሉ አባታችን። እየተሳሳቁ ቤት ገቡ። የአባታችን መዳፍ ይደማ ነበር።

ይህን ታሪክ እኅታችን ለባንኩ አዲስ ሠራተኞች በየዓመቱ ይነግሩ ነበር። ታናሽ ወንድማቸውም በቤትም በሥራም ሰምቶት በቃሉ ያውቀው ነበር። በቃል ማወቅ ምን ያደርጋል።

*

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ በንግድ ኮሌጅ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተምረው፣ አንድ የታወቀ ባንክ ተቀጠሩ፤ የተመደቡትም ወለድ በሚሰላበት ክፍል ነበር። በሁለተኛው ዓመት የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። ኃላፊያቸው ሥራው ከብዷቸው እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ «ስሌቱስ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ» ብለው ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ።

ከዚያም በንግድ ትምህርት ቤት እያስተማሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ከአንድ አዛውንት ሸህ ዘንድ ስለ ሽያጭና ስለ ውል የሚናገረውን ፊቅህ፣ የእስልምናን ሕግ፣ አምስት ዓመት ተማሩ። እናታችን ለጨዋነቱ ሲሉ አብረዋቸው እየሄዱ ከበሩ አጠገብ ሹራብ ይሠሩ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሸሁ፣ «ሰው በእጁ ያልገባውን ዕቃ መሸጥ ይችላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ እኅታችን አፋቸውን ሳይከፍቱ እናታችን ከበሩ በኩል፣ «እንዴት ተደርጎ!» አሉ። ሸሁም ወደ በሩ ሳይዞሩ፣ «እኔ ደግሞ ለሹራቡ የመጡ መስሎኝ» አሉ ይባላል። ሹራቡን ታናሽ ወንድማቸው ለዓመታት ለብሶታል፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝም ነበር፤ ረጅሙ እጅጌ ስለ ዱቤ ሽያጭ በተማሩበት ወር የተሠራው ነው።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው የመኪና አነዳድ አስተማሪ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ኒካሕ አስረው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በአስተማሪው ወንበር በኩል ተጨማሪ ፍሬን ባለው መኪና ዕድሜ ልካቸውን ሠርተዋል፤ እኅታችንም ሰው ሲጠይቃቸው፣ «የሁለታችንም ሥራ አንድ ነው፤ ሌላው ይነዳል፣ እኛ ፍሬን እንይዛለን» ይሉ ነበር። «ልዩነቱ፣ እሱን ተማሪዎቹ ያመሰግኑታል።»

*

ከወለድ ነፃ የሆነው ባንካችን ሲከፈት በሸሪዓ ተቆጣጣሪነት የተቀጠሩት የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። ሥራቸው ምን እንደነበር ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። እንዲህ ያለ ባንክ ገንዘብ አበድሮ ወለድ አይቀበልም። ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ሲያስፈልገው፣ ባንኩ ምድጃውን ለራሱ ይገዛል፣ ይረከባል፣ ከዚያም ትርፉን በግልጽ ተናግሮ በዱቤ ይሸጥለታል። በመረከቡና በመሸጡ መካከል ባለችው ጊዜ፣ አንዲት ሰዓትም ትሁን፣ ዕቃው ቢሰበር ወይም ቢቃጠል የጠፋው የባንኩ ነው። ትርፉን ሐላል የሚያደርገው ያ ሥጋት ነው፤ ባንኩ ሥጋቱን ካልተሸከመ የሸጠው ወረቀት ብቻ ነው፣ ትርፍ ያለውም ስሙን የቀየረ ወለድ ነው። የእኅታችን ሥራ ያቺ ሰዓት በእርግጥ መኖሯን ማየት ነበር። ያዩትንም የሚያሳውቁት ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን፣ ከእሱ በላይ ሆኖ ፈትዋ፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ብይን፣ ለሚሰጠው የሦስት ዑለሞች የሸሪዓ ቦርድ ነበር።

ሌሎች ተቆጣጣሪዎች ደረሰኝ ያያሉ። እሳቸው ዕቃውን ነበር የሚያዩት። ስለዚህ የመጋዘን ሰዎች «ወይዘሮ አሳዩኝ» አሏቸው፤ ስሙም ከመጋዘን ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛመተ፤ በመጨረሻ የቦርዱ ሰብሳቢ ሸህ ራሳቸው በስብሰባ መሐል፣ «ወይዘሮ አሳዩኝስ ምን ይላሉ?» ብለው አፋቸውን ያዙ። ዕቃውን ሲያገኙት መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳርፉበታል፤ ከዚያ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን ይጽፋሉ። የስፌት ማሽን፣ የቆርቆሮ ክምር፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ ሁሉንም ነክተዋል። አንድ ጊዜ ባንኩ አርባ የወተት ላሞች ገዝቶ ሊሸጥ ሲል በጭቃ ውስጥ ገብተው አርባውንም አንድ በአንድ ነኩ፤ አንዷ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ላሰችው። በሪፖርታቸው ላይ «ዕቃው በሕይወት ተገኝቷል» ብለው ጻፉ።

በሚመረምሩት ቅርንጫፍ ውኃ አይጠጡም ነበር። የራሳቸውን ኮዳ ይዘው ይሄዱ ነበር፤ «የምትመረምረውን ሰው ውኃ ከጠጣህ ጉሮሮህ ይለሰልሳል» ይሉ ነበር። ሰው ይቀየማቸው ነበር። ለቅሶ ላይ የሞተ ሰው ሁሉ የተወደደ ይሆናልና፣ እኅታችን ሁሉም የሚወዳቸው ሴት እንዳልነበሩ እዚህ ላይ ቢነገር እሳቸው ደስ ይላቸዋል። የመጡበት ቅርንጫፍ ሁሉ የመጡ ዕለት ዝም ይል ነበር።

*

ታናሽ ወንድማቸው ከእሳቸው በሰባት ዓመት ያንሳል። ለባንኩ ፈተና ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ እንዳይወድቅባቸው ሲሉ ከእሱ በላይ ከስተው ነበር። ፈተናውን አልፎ ሲቀጠር፣ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለታቸው በፊት ለቦርዱ ሰብሳቢ ደብዳቤ ጻፉ፦ ይህ ሰው ወንድሜ ነው፣ እሱ በሚሠራበት ክፍል ያለውን ፋይል ሌላ ሰው ይመርምረው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ሆነ። እሱ በዋናው ቅርንጫፍ ለደንበኞች ዕቃ የሚገዛው የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ እስኪሆን ድረስ አደገ፤ እሳቸው በክፍሉ ደጃፍ ሲያልፉ ወደ ውስጥ አያዩም ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ግን ቤታቸው ምሳ ይበላ ነበር። ስለ ሥራ አይነሳም። ስለ አባታችን፣ ስለ እናታችን ሹራብ፣ ስለ ባለቤታቸው ተማሪዎች ይወራል፤ ሲሄድ እስከ ውጭው በር ሸኝተው፣ ኮሌታውን አስተካክለው ይመለሳሉ። አርባ ዓመት አልፎት እንኳ ኮሌታውን ያስተካክሉት ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ደንበኞች ለአንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ወደ ባንክ መመላለሳቸው ያስመርራቸው ጀመር፤ አንድ ጊዜ እገዛለሁ ብለው ቃል ለመግባት፣ ቀጥሎ በባንኩ ወኪልነት ዕቃውን ለመረከብ፣ በመጨረሻም ለመግዛት ይፈርማሉ። ስለዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ የተጠረዙበት አዲስ ቅጽ ታትሞ ወጣ። በየመስመሩ የቀን ቦታ ነበረው፤ የሰዓት ቦታ አልነበረውም። ሠራተኛው ደንበኛውን አንዴ ካስቀመጠ ሦስቱንም ያስፈርመው ጀመር፤ ዕቃው ገና ከሻጩ መጋዘን ሳይወጣ፣ ባንኩ ሳያየው፣ ተረክቦ ሸጦታል። ታናሽ ወንድማቸውም እንደ ሌላው ያስፈርም ነበር። ፈጣን ነው ተብሎ ተመስግኖበታል።

ዳቦ ጋጋሪው የፈረመው ሰኞ ጠዋት ነው። ረቡዕ ዕለት ምድጃውን መኪና ላይ ሊጭኑ ሲያነሱት ከዕቃ ማንሻ መኪናው ሹካ ተንሸራትቶ ወደቀና መሠረቱ ተሰነጠቀ። ሻጩ «አስረክቤያለሁ» አለ፣ ወረቀት አለው። ባንኩ «ሸጫለሁ» አለ፣ ወረቀት አለው። ዳቦ ጋጋሪው ያለው የተሰነጠቀ ምድጃ ብቻ ነበር። በነጋታው ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ባንክ መጥቶ፣ «እኔ ያልነካሁትን ምድጃ እንዴት ነው የሰበርኩት?» አለ። የወንድማቸውን ክፍል ይመረምሩ የነበሩት ሰው ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር። እኅታችን ለሰብሳቢው፣ «ወንድሜ ነው» አሏቸው። ሰብሳቢውም፣ «አውቃለሁ፤ እርስዎ ይሂዱና ይዩት፣ እኔ ደግሞ እርስዎን አያለሁ» አሉ። መጋዘኑ በር ላይ ያገኘናቸው ያን ዕለት ነው። የተሰነጠቀውን ምድጃ ዙሪያውን ዞረው መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ሰዓቱን ጻፉ፤ ቀጥታ ወደ ወንድማቸው ክፍል ሄዱ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሰኞ ስታስፈርመው ምድጃው የት ነበር?»

«እታለም፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

«ስለ ሁሉም አልጠየቅሁህም።»

«ቅጹን ተከትዬ ነው። ይኸው ቅጹ! የሰዓት ቦታ የት አለው?»

እኅታችን ቅጹን ተቀበሉት። አገላበጡት። ከዚያ ሳይጠየቁ ወንበር ስበው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ታናሽ ወንድማቸው ያን ዝምታ ፍርድ አድርጎ ወሰደው። ውኃ ቀዳላቸው። አልጠጡም።

*

ቦርዱ ሽያጩን ውድቅ አደረገ። የተሰበረው ምድጃ ለባንኩ ተመለሰ፣ ዳቦ ጋጋሪው አዲስ ተገዛለት፣ በዚያ ቅጽ ከተሸጠው ሁሉ የተገኘው ትርፍ ለችግረኞች እንዲሰጥ ተወሰነ፣ ቅጹም ተቃጠለ። ዛሬ በየፊታችሁ የቀረበው ዳቦ በአዲሱ ምድጃ የተጋገረ ነው፤ ጋጋሪውም ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል።

ታናሽ ወንድማቸው ከሥራ አስኪያጁ የሦስት መስመር ደብዳቤ ደረሰው፦ በሸሪዓ ቁጥጥሩ ግኝት መሠረት ከኃላፊነቱ ተነሥቶ በከተማው ዳር ወዳለው ትንሽ ቅርንጫፍ ተዛውሯል። ግኝቱ ምን እንደሚል አልተጻፈም፤ ለቦርዱ ብቻ የሚቀርብ ምሥጢር ነው። በዚያው ወር እኅታችን ለቦርዱ አባልነት ታጭተው ነበር፤ የመጀመሪያዋ ሴት ይሆናሉ እየተባለ ይወራ ነበር። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ታናሽ ወንድማቸው በሠራተኞች መዝናኛ ክፍል ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሟን ሸጣ ወንበሩንም አላገኘችም» አለ። ሁሉ ሳቀ። ወሬው ሳያድር ደረሳቸው። «መጀመሪያ የኔ ሳይሆንስ እንዴት እሸጠዋለሁ?» አሉ አሉ። ያን ጊዜ ግን መሐረባቸውን አላወጡም።

ዓርብ ምሳው ቀረ። ስድስት ዓመት ቀረ። ባለቤታቸው በየሳምንቱ፣ «አንድ ሳህን ተጨማሪ አቅርባለች፣ ምን ልበላት?» ብለው ይደውሉ ነበር፤ በኋላም መደወላቸውን ተዉ። ሳህኑ ግን ይቀርብ እንደነበር ልጃቸው ትናንት ነግራኛለች።

ለወንድማቸው ነግራዋለች ማለቴ ነው።

*

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን ለደም እጥበት ሐኪም ቤት ይተኛሉ፤ በቀሩት ቀናት መጋዘን ይወጣሉ። ደረጃ ላይ ሲደክማቸው መሐል ላይ ቆመው፣ «አንዴ ቆዩኝ፣ ዕቃው አይሸሽም» ይሉ ነበር። የመጨረሻ ሪፖርታቸው ስለ ስድስት የዓይን መመርመሪያ መሣሪያዎች ነው፤ ሁሉም ተነክተዋል፣ ሰዓታቸው ተጽፏል። ከሦስት ሳምንት በፊት በደም ግፊት ምክንያት አንደበታቸው ተያዘ። ታናሽ ወንድማቸው ያን ጊዜ ነው ሐኪም ቤት የሄደው። ብዙ ሊናገር አስቦ ሄዶ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብቻ ተናገረ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን በአንሶላው ላይ እየጎተቱ አምጥተው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው እጁ ላይ አሳረፉ። አልጋው ላይ ለመደገፍ የፈለጉ መስሎት ትራስ አቀናላቸው። እሑድ ረፋድ ላይ፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው በተገኙበት ወደ ፈጣሪያቸው ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ትናንት ጠዋት ታናሽ ወንድማቸው ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተቀጠሩበትን ቀን ሊጠይቅ ወደ ባንኩ መዝገብ ቤት ሄደ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቀኑን ነገረችው፤ ሊወጣ ሲል፣ «ይሄንንም ውሰድ እንጂ፤ በስምህ ስድስት ዓመት ተቀምጧል» ብላ ከፋይላቸው ውስጥ አንድ የታሸገ ፖስታ አወጣች።

«ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ይልቅ ፈርም። ሰዓቱንም ጻፍ።»

«ሰዓት ምን ያደርጋል?»

«እሳቸው ናቸው ያስለመዱን።»

በፖስታው ውስጥ ስለ ምድጃው የጻፉት ሪፖርት ግልባጭ ነበር። ሁለት ገጽ ነው። «ለጥፋቱ ተጠያቂው ማን ነው?» በሚለው ሥር፣ በእጃቸው ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ «አንደኛ፣ እኔ። አዲሱ ቅጽ እንዲጸድቅ ለቦርዱ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ በየፊርማው ሰዓት እንዲጻፍ ተወስኖ ሳለ፣ የሰዓት ቦታ ሳይኖረው ታትሞ ሲመጣ አይቼ፣ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል ብዬ ፈርሜ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። የፋይናንስ ኃላፊው የተሰጠውን ቅጽ ተከትሏልና እንዳይቀጣ እጠይቃለሁ። ለቦርዱ አባልነት የቀረበው ስሜ እንዲነሣ እጠይቃለሁ።» ሁለተኛ የለውም።

በፖስታው ጀርባ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ «ለወንድማቸው በእጃቸው እንዲሰጡት ተፈቅዷል፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ» ብለው ፈርመዋል። ከሥሩ በእሳቸው ጽሑፍ፦ «አሥር ሰዓት ከሩብ። ተረካቢው አልተረከበም። እስኪረከብ ድረስ በእኔ ላይ ነው።»

*

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ምንም የማይሰወርበት አላህ፣ ሰው ያላየውን ሁሉ ለማየት የደከሙባቸውን ዓይኖች በእዝነቱ ያሳርፍልን፤ ቀብራቸውን ሰፊና ብሩህ ያድርግላቸው፤ በላያቸው የቀረ የሰው ሸክም ካለ ያውርድላቸውና ባለቤቱ ላይ ይጫነው። አሚን በሉ።

ወጉ እዚህ ላይ ተቀመጥ ይለኛል። አንዲት የቀረች አለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። እኅቴ የቤቴን ደወል አልደወለችም፤ እንደ አባታችን በአንድ ጣቷ አንኳኳች። ከፈትኩ። ፖስታውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ክንዶቿን ሰብስባ፣ በደረጃው መሐል ቆማለች። ኮሌታዬን አየችው፤ እጇን ግን አልሰደደችም።

«ይህን ላስረክብህ ነው የመጣሁት» አለች። «ስታነበው ልቀመጥ።»

«ደክሞኛል፣ እታለም» አልኩ።

መዳፏን ዘርግታ በሩ ላይ አሳረፈች። ለመግፋት አልነበረም። እጇን እስክታነሣ ጠበቅሁና በሩን ዘጋሁት።